ዋስ የሌለው መፍቻ

የዚህች በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር ወረቀታችን አዘጋጆች «ጋሼ፣ ዕድሜዎን ከመፍቻና ከዘይት ጋር ጨርሰዋል፤ ስለ ሙያዎ አንድ ነገር ይጻፉልን» እያሉ ሲለምኑኝ ቆይተዋል። እኔም ብረት የለመደ እጅ ብዕር ሲይዝ ይንቀጠቀጣል እያልሁ ሦስት እትም አሳለፍሁ። ዛሬ የምጽፈው ልመናቸው በርትቶብኝ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቀይ የቆርቆሮ ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ ከረኩባዬ ሥር ስለ ገባ ነው።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው ፀሐይ አረፈችበትና ዓይን የሚወጋ ሆነ። 108 ፍሬ ዕቃ በየጎድጓዳው ተኝቶ እንደ ሠርግ ቤት ብርጭቆ ያብለጨልጫል። ልጁ ሙያውን የተማረው በጥቂት ወራት ሥልጠና ነው። ገንዘቡን ያገኘው ደግሞ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ገብቶ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለእሱ እንዲሰጠው ለምኖ ነው። «ጋሼ፣ ይመርቁልኝ» አለኝ።

አንዱን ቡሶላ አንሥቼ በጣቴ አገላብጬ አየሁት። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ይህን ሳጥን አውቀዋለሁና። ይኸኛውን ማለቴ አይደለም፤ ወንድሙን፣ የዛሬ 40 ዓመት ገደማ እኔ ራሴ የገዛሁትን፣ ኋላም የሸጥሁትን ማለቴ ነው። ስለ መግዛቴ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ስለ መሸጤ ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሞተዋል፣ ሌላው ባሕር ማዶ ነው። ዛሬ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

በአገራችን ገበያ በቅሎ ወይም በሬ የሚገዛ ሰው በዋጋ ስለ ተስማማ ብቻ ከብቱን ነድቶ አይሄድም። «ዋስ ጥራ» ይላል። ሻጩም በአካባቢው የሚታወቅ ሰው ይጠራል፤ ዋሱ «ከብቱ የሌባ አይደለም፣ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ እኔ አለሁ» ብሎ ይቆማል። ነገ ነገር ቢነሣ ገዢው ሻጩን ፍለጋ አገር ላገር አይንከራተትም፤ የዋሱን ደጅ ያውቀዋል። በልጅነቴ የገበያ ትልቁ ነገር ዋጋው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዋሱ ኖሯል።

የመካኒክ ዕቃም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው ባለበት አገር ወይም ወኪሉ ሱቅ ከፍቶ በተቀመጠበት ከተማ መፍቻ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ አይደለም፤ ቢሰበር የሚመልስበትንም ደጅ አብሮ ይገዛል። እኛ ባለንበት ግን ያ ደጅ የለም። ዕቃው ከወደብ በጭነት ይመጣል፣ ሻጩ ከመኪና ላይ ወይም ከምንጣፍ ላይ ይሸጣል፣ በማግሥቱ ወደ ሌላ ገበያ ይሄዳል። እንግዲህ ዋስ በሌለበት ገበያ መፍቻ እንዴት ይገዛል? ይህን የተማርሁት በደህና መንገድ አይደለም።

ሙያውን የቀሰምሁት ጎንደር ከተማ ከአንድ ጋራዥ ነው። የአገራችን የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስታ፣ ጓርኒሲዮን እያልን አደግን። ዋናው እንጀራችን ፊያት ነበር፤ ያ ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ ሲመጣ የሚያስፈልገውን እናውቅለታለን። ሁሉም በሚሊሜትር የተሠራ ስለሆነ 10፣ 13፣ 17 እና 19 ቁጥር የያዘ ሰው ግማሹን መኪና ይፈታዋል። የጋራዡ መፍቻዎች ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ከየመፍቻው ኋላ ቅርጹ በቀለም ተሥሏል፤ ማታ አንድ ባዶ ቅርጽ ከታየ ዕቃው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ስለዚህ ሰባት ዓመት ስሠራ አንድም የራሴ መፍቻ አልነበረኝም። እንደሚያስፈልገኝም አስቤ አላውቅም።

በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በመተማ በኩል ወጥቼ ገላባት ስገባ በእጄ የነበረው አንድ ጋቢና አንድ ኮዳ ነው። ገዳሪፍ ደረስሁና ሱዳኖች ወርሻ ወደሚሉት የጥገና ሰፈር ሄጄ «መካኒክ ነኝ» አልሁ። የወርሻው ባለቤት ሁሉም ኡስታ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና በእጃቸው አየር ላይ አራት ማዕዘን ሠርተው «ሳጥንህስ?» አሉኝ። ሳጥን የለኝም አልሁ። «እንግዲያው እዚያ ጋ ናፍጣና ብሩሽ አለ» አሉኝ።

በገዳሪፍ ወርሻ ልማዱ ይህ ነው። ቦታው የባለ ወርሻው ነው፣ ዕቃው የመካኒኩ ነው። ሳጥን ያለው ሰው ከሥራው ዋጋ ድርሻ ያገኛል፤ ሳጥን የሌለው የሌላውን ሰው ብረት በናፍጣ እያጠበ የዕለት ጉርሱን ይቀበላል። እኔም በክረምት እያጠብሁ፣ በበጋ ሰሊጥ እያጨድሁ፣ ማታ ማታ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ተዋዋ እየተመለስሁ አምስት ዓመት ኖርሁ። መካኒክ ነበርሁ ማለት ብችልም፣ ነኝ ለማለት ሳጥን ያስፈልገኝ ነበር።

በዚያ ላይ የማውቀው ልክና የገዳሪፍ ልክ አልተገናኙም። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በትራክተር ማረስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ለወታደር የሚሆን እህል ፈልገው ጋዳምባሊያ በተባለው ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን መረሬ የሚያርሰው ባብዛኛው ማሲ ፈርጉሰን፣ እህሉን የሚያጓጉዘው የእንጨት ካሮሴሪያ የተገጠመለት ቤድፎርድ ሆነ። ሁለቱም የሚፈቱት በኢንች ነው።

ለወጣቶች እንዲጠቅም ይህን ላስረዳ። እዚህ ሦስት ዓይነት ልክ ይገናኛል። አንደኛው ሚሊሜትር ነው፤ የፊያት፣ ዛሬም የጃፓን መኪኖች ሁሉ ልክ ነው፤ ጃፓኖቹ 13ን ትተው 12ን እና 14ን ይወዳሉ። ሁለተኛው ኢንች ነው፤ 7/16፣ 1/2፣ 9/16፣ 3/4 እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው ዊትዎርዝ የሚባለው አሮጌ የእንግሊዝ ልክ ነው፤ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጣው ሲሆን እንደ ሊስተር ባሉ አሮጌ የፓምፕ ሞተሮች ላይ ይገኛል። በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቡሎኑን ውፍረት እንጂ የዳዶውን ስፋት አይናገርም። ስለዚህ 1/2 የሚል የዊትዎርዝ መፍቻ 1/2 ኢንች ስፋት ባለው ዳዶ ላይ ቢገባ እንደ ሰው ጫማ ይዋኛል።

ከሚሊሜትርና ከኢንች መካከል አንዳንዶቹ ይዋዋሳሉ፣ አንዳንዶቹ ይካካዳሉ። 3/4 ኢንች ማለት 19.05 ሚሊሜትር ስለሆነ 19 ቁጥር ያለ ሐሳብ ይሠራበታል። 1/2 ኢንች ግን 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ትገባበታለች፣ ግን ትጫወታለች። ዳዶው ዝገት የያዘው እንደሆነ ማዕዘኑን ልጣ ትወጣለች። 14 ቁጥር በ9/16 ላይ ጭራሽ አትገባም፤ 9/16 ማለት 14.29 ነውና። ይህን የማያውቅ ሰው ዳዶውን ከላጠ በኋላ ብረቱን ይሰድባል።

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ አምስት ሆነን ዕቁብ ጣልን። ዕጣው ለእኔ እንዲቀድም ለምኜ የአምስታችንን ገንዘብ ይዤ ወጣሁ። ከመኪና ላይ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ቀይ ሳጥን አሳየኝ። ሚሊሜትሩም ኢንቹም አለበት፤ በያንዳንዱ ላይ ክሮም ቫናዲየም የሚል ተቀርጿል። «አስሊ ነው» አለኝ፤ ዋናው ነው ማለቱ ነው። ለኡስታ ሳላሳይ ገዛሁት። ለምን አላሳየሁም? እሳቸው «ናፍጣና ብሩሽ» ያሉኝን ቀን ስላልረሳሁ፣ ሳጥኑን ተሸክሜ ስገባ ፊታቸውን ማየት ፈልጌ ነው። ኩራት ራት አይሆንም ይባላል፤ መፍቻም አይሆንም።

ሁለት ሳምንት እንደ ንጉሥ ሠራሁ። ሐምሌ ላይ ከከተማው የራቀ እርሻ ላይ አንድ ትራክተር የቴስታ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቆመና ተላክሁ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ዘር የሚዘራበት ቀን የተቆጠረ ነው። የቴስታውን ዳዶ ለመፍታት 19 ቁጥሩን ቡሶላ አግብቼ ሳብሁ። ልኩ ትክክል ነበር፤ ብረቱ ግን ብረት አልነበረም። ቡሶላው ከጎኑ እንደ ደረቀ ቅል ተሰነጠቀ። ሌላ አግብቼ ስስብ የውስጡ ጥርስ ተላጠና የዳዶውን ማዕዘን ይዞት ሄደ። መሮና መዶሻ አንሥቼ ዳዶውን ልቆርጥ ስታገል ቡሎኑን ከነመቀመጫው አበላሸሁት። ሌላ መካኒክ ከከተማ እስኪመጣ፣ መንገዱም ጭቃ ስለሆነ፣ ትራክተሩ አሥር ቀን ቆመ። የእርሻው ባለቤት አልጮኸብኝም። ደመናውን በጣቱ አሳየኝና በእግሬ እንድሄድ ነገረኝ።

ገዳሪፍ ስመለስ ሻጩ የለም። ማን ይባላል? ማንም አያውቅም። የት ይኖራል? ማንም አያውቅም። የዕቁቡን ዕዳ እያጠብሁና እያጨድሁ በአንድ ዓመት ተኩል ከፈልሁ። ሳጥኑ ከአልጋዬ ሥር ገባ።

እስከዚህ ያለውን ሁልጊዜ እየሳቅሁ አወራዋለሁ። የቀረው እነሆ።

በ1977 ዓ.ም. የረሃቡ ስደተኛ ድንበሩን እንደ ጎርፍ ሲሻገር፣ ኡም ረኩባና ሌሎቹ ካምፖች ሲሞሉ፣ የእርዳታ እህል የሚያመላልሱ የጭነት መኪኖች ገዳሪፍን ሞሏት። መካኒክ ተፈለገ። አንድ ያገሬ ልጅ፣ ሙያውን በደንብ የተማረ፣ እናቱን በመንገድ ቀብሮ የመጣ፣ ሥራ አግኝቶ «ሳጥንህን ይዘህ ና» ተባለ። ወደ እኔ መጣ። እኔም ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። የተሰነጠቁትን ቡሶላዎች ጣልሁ፤ ጎዶሎውን ከገበያ በተገኘ ቅራቅንቦ ሞላሁ፤ ሁሉንም በናፍጣ አጥቤ በጨርቅ ወለወልሁ። እንደገና አብለጨለጨ።

ልጁ አገላብጦ አየና ፈገግ ብሎ፣ እንዳገራችን ልማድ፣ «ዋሱ ማነው?» አለኝ። ቀልዱን ነው።

«እኔ» አልሁት።

ገንዘቡን ቆጥሬ ተቀበልሁ። ከዕቁብ ዕዳው በኋላ ባዶ ኪሴን ይዤ የኖርሁበት ጊዜ ነበር፤ ግን ይህን ለሰበብ አልጽፈውም። እሱም ባዶ ኪሱን ይዞ ነበር የመጣው።

ወር ሳይሞላ ተመለሰ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። የባሌስትራ ቡሎን ሲያጠብቅ የመፍቻው አፍ ተከፍቶ አመለጠውና እጁ ከብረት ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ የሁለት ጣቶቹ ጅማት ተቆርጧል። ሊወቅሰኝ የመጣ መሰለኝና ቃሌን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ከፊቴ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ አንተ ስትሠራበት መፍቻውን እንዴት ነበር የምትይዘው? እኔ አላወቅሁበትም። ረሃቡ ነው መሰለኝ፣ እጄ ሙያውን ረስቶታል።»

ምን ብዬ መለስሁ? «ይለመዳል» አልሁት።

ያቺን ሌሊት አልተኛሁም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መጥፎ ዕቃ ገንዘብ ይበላል፣ ጊዜ ይበላል፣ ጣትም ይቆርጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው፤ ሰው በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት ይበላዋል። ቤትን፣ ዘመድን፣ አገርን ትቶ የወጣ ሰው የቀረው ሙያው ብቻ ነው። እኔ ያንኑ ሰርቄ ነበር የሸጥሁለት።

ጠዋት ኡስታ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርሁ። ተቆጥተው ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ሻይ አዘዙልኝና «ስንት ሸጥህለት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ያን ገንዘብ ይዘህ ና። በዚያ ዋጋ ስንት መፍቻ እንደሚገዛ አሳይሃለሁ» አሉ። ግማሹን በልቼው ስለነበር የጎደለውን እሳቸው አበደሩኝ፤ ወደ ኹርዳው፣ ማለት ወደ አሮጌ ብረት ገበያ ወሰዱኝ። የሚከተለውን ሁሉ የተማርሁት በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ነው። እናንተም ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ፣ የራሳችሁን ዳዶ ይዛችሁ ሂዱ። ኡስታ በሽቦ የተሰኩ ስድስት አዳዲስ ዳዶዎች በኪሳቸው ይይዙ ነበር፤ 13፣ 17፣ 19፣ 1/2፣ 9/16 እና 3/4። እያንዳንዱን መፍቻ በዳዶው ላይ አግብተው ያወዛውዙታል። ጥቂት መላወስ ያለ ነው፤ እንደ ልቅ ጥርስ የሚነቃነቀውን ግን ይመልሱታል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ሞረድ ያዙ። ሞረዱን በመፍቻው አፍ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጉና ሳቡ። ከተንሸራተተ ብረቱ በእሳት ጠንክሯል። ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ ነገ አፉ ይከፈታል። ሆኖም የጠነከረ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ጠንክሮ የማይታጠፍ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ሻጩን «በሞርሳ አጥብቄ አንድ ጊዜ ልሳበው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ራሱ ፈተና ነው። በዕቃው የሚያምን ሻጭ ይፈቅዳል።

ሦስተኛ፣ በጽሑፉ አትታለሉ። ክሮም ቫናዲየም ብሎ መቅረጽ ማንም ይችላል። የታወቀ ፋብሪካ ስም ካያችሁ ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡ፤ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንዲት ፊደል ይስታል። በጀርመን እንደ ስታልቪሌና ጌዶሬ ያሉ ቤቶች፣ አንዱ ከ1862 አንዱ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስማቸውን ያተረፉት በጽሑፍ አይደለም። የክሮሙን ቅብም እዩ፤ ካበጠ ወይም ከተላጠ ሥር ያለው ሥራ ችኩል ነው፤ የተላጠ ክሮም ደግሞ እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል።

አራተኛ፣ አሮጌ ዕቃ አትናቁ፤ ግን መርምሩ። አሮጌ የእንግሊዝ መፍቻ ጠቁሮና ዝጎ ከኹርዳ ክምር ውስጥ ይገኛል፤ ዝገቱ በናፍጣ ይለቃል። ሰማያዊ ቀለም የያዘ ቦታ ካያችሁ ግን በእሳት የጋለ ነው፤ ጥንካሬው ሄዷል። አፉ በሞረድ የሰፋ፣ አንገቱ የተበየደ፣ ጠርዙ ስንጥቅ ያለበት ይቅርባችሁ።

አምስተኛ፣ ቡሶላ ስትገዙ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ምረጡ። ባለ አሥራ ሁለቱ ለማግባት ይቀላል፣ ነገር ግን የሚይዘው የዳዶውን ጫፍ ስለሆነ ዝገት ላለበት ዳዶ ጠላት ነው። ለጎማ ዳዶ ወፍራሙንና ጥቁሩን ግዙ። የቡሶላውን እጀታ በሁለቱም አቅጣጫ በጣታችሁ አዙሩት፤ አንድ ጥርስ እንኳ ቢዘል ተዉት፤ ክብደት ሲያርፍበት እሱ ነው ፊታችሁን የሚመታው።

ስድስተኛ፣ ፍሬ አትቁጠሩ፤ ሥራ ቁጠሩ። «108 ፍሬ» የሚለው ቃል ግማሹ የካቻቢቴ ጫፍና የማትነኩት ቁጥር ነው። ለሚሠራ ሰው አሥር ደህና መፍቻ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ መሮ የሙያ መጀመሪያ ነው። በየወሩ አንድ ጨምሩ። የጎደለው የትኛው እንደሆነ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል።

ሳጥኑን መጨረሻ ግዙት። ኡስታ የሰጡኝ ሳጥን አሮጌ የጥይት ሳጥን ነበር። ክዳኑ ላይ የጎማ ማጥበቂያ ስላለው ሐቡብ ሲነሣ አቧራ አያስገባም፣ በክረምትም እርጥበት አይገባውም፤ ሙሉ ጭነት ይዞ እጀታው አይበጠስም። ሰው ለመግደል የተሠራ ሳጥን ዳቦ ሲያበላ ያየሁት እዚያ ነው። ዛሬም እሱን ነው የምይዘው።

ያን ቀን ዘጠኝ መፍቻ ገዛን። ማታውኑ ወሰድሁለት፤ ሳጥኑ መጥፎ እንደነበረ፣ እያወቅሁ እንደሸጥሁለትም ነገርሁት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ በደህናው እጁ አንዱን መፍቻ አንሥቶ መዘነና «እንግዲያው እጄ አልረሳም ማለት ነዋ» አለ። ከዚያም አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ሁለቱ ጣቶቹ ዳግመኛ አልታጠፉም፤ በቀሩት ሠራ።

በ1979 ዓ.ም. በካርቱም በኩል ወደ አሜሪካ ሄደና ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ በደብዳቤ፣ አሁን በስልክ እንገናኛለን። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «እዚህ አገር ዋሱ መኪና እየነዳ ይመጣል።» ነገሩ እንዲህ ነው። ስናፕ ኦን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1920 ሲቋቋም የጀመረው በአምስት እጀታና በአሥር ቡሶላ ነበር፤ አምስቱ የሃምሳውን ሥራ ይሠራሉ እያለ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ሻጮቹ ዕቃውን በመኪና ጭነው በየሳምንቱ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞራሉ። መፍቻ የተሰበረበት መካኒክ ስባሪውን ይሰጣል፣ አዲስ ይቀበላል። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው፤ ብዙው መካኒክ በየሳምንቱ እየከፈለ ዓመታት ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል። ወዳጄ ይህን ከነገረኝ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ዋስ በነጻ አይገኝም። እዚያ በገንዘብ ይገዛል። እኛ ዘንድ ደግሞ በዓይን፣ በትዕግሥትና በሰው ቃል ይከፈላል።

የዋስ ነገር ሲነሣ አንድ ጉዳይ አልዘልም። ዋስ ድሮም የቆመው ለስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከካርቱም፣ ኋላም ከዋድ መዳኒ የሸሸ ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት። ትናንት እኛን «ሳጥንህስ?» ይሉን የነበሩት ባለሙያዎች ባዶ እጃቸውን መጡ፤ ወርሻቸው ተዘርፏል። አንድ ቀን ከገበያ አጠገቤ ቆሞ የነበረ የካርቱም መካኒክ ከምንጣፍ ላይ አንድ መፍቻ አነሣና ዝም ብሎ ቀረ። ከእጀታው ላይ ሦስት ነጥብ ተመትቷል፤ የራሱ ምልክት ነው። ሻጩ ከማን እንደገዛ አላወቀም። ሰውየው የገዛ መፍቻውን በገንዘቡ ገዝቶ ሄደ። ስለዚህ ርካሽ የሆነ ደህና ዕቃ ስታገኙ የምልክት ነጥብ ወይም ስም ፈልጉ፤ ካለበት «ይህ የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው እጃችሁን አንሡ። የራሳችሁንም ዕቃ ምልክት አድርጉበት።

አሁን ወደ ባለ ቀዩ ሳጥን ልጅ ልመለስ። አልመረቅሁለትም፤ አልሰደብሁበትምም። ሞረዱንና ዳዶዎቹን አውጥቼ ከእሱ ጋር 108ቱንም አንድ በአንድ ፈተንን፤ ቀኑ መሸ። 40 የሚያህለው የካቻቢቴ ጫፍ ነው፤ ለቀላል ሥራ ይሆናል። ከመፍቻዎቹ አምስቱ ደህና ወጡ። ቡሶላዎቹን ለየንና በትልልቅ ዳዶ ላይ እንዳያገባቸው ነገርሁት። በመጨረሻ ፊቱ ጠቁሮ «ጋሼ፣ የቀረውን ለሌላ ሰው ብሸጠውስ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ይህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የነገርሁት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። የማይረቡትን ለይቶ በጆንያ ከተተና ጥሎልኝ ሄደ፤ እነሆ እዚህ አጠገቤ ተቀምጠዋል። በማግሥቱ አራቱን የዕቁብ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ቀጣዩ ዕጣ የሚወጣለት ልጅም መካኒክ ሊሆን ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ከረኩባዬ ሥር አንድ ሞርሳ፣ አንድ ሞረድና በሽቦ የተሰኩ ስድስት ዳዶዎች አሉ። ዕቃ ልትገዙ ስትሉ ተበድራችሁ ውሰዱ፤ ወይም ዕቃውን ከመግዛታችሁ በፊት አምጡት፣ አብረን እንየው። ደግ ሆኖ የተገኘውን ከየትኛው ሻጭ እንደተገዛ፣ የተሰበረውንም እንዲሁ በአንድ ደብተር እንጻፍ። ሰውም ዕቃውን ሲሸጥ ጉድለቱን አብሮ ይናገር። ወኪል የለንም፤ ደረሰኝ የለንም። አንዳችን ለሌላችን «እኔ አለሁ» ስንል ግን ቃሉ እውነት ይሁን።

እኔ አንድ ጊዜ በሐሰት ዋስ ሆኛለሁ። ይህችን ጽሑፍ በእውነት ዋስ የሆንሁባት አድርጋችሁ ያዙልኝ።